ሦስተኛው ተራ

«ተይው፣ አትቀስቅሺው። በያጁ ጨርሶ እስኪሄድ ይተኛ።»

የእህቱ ባል ይህን ያለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ነገር ግን ሳሎኑንና የልጁን መኝታ የሚለየው ግድግዳ ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ስለነበር ዝቅ ያለውም ከፍ ያለውም ድምፅ እኩል ያልፋል። ልጁ አልተኛም። አንድ የማያውቀው ሰው ደጅ ላይ «ማሽኑን የት ልሰካው?» ብሎ ሲጠይቅ ነበር የነቃው። ትናንት አመሻሽ ላይ የግቢው በር የላይኛው ማጠፊያ ተገንጥሎ፣ በሩ እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳው ላይ ተደግፎ አደረ። ልጁም ጠዋት ይጠሩኛል እያለ ሲያስብ ነው እንቅልፍ የወሰደው። በሩን በምን እንደሚያስደግፈው፣ ማሽን ከየትኛው ጎረቤት እንደሚዋስ፣ እህቱ አጠገቡ ቆማ «ዓይንህን ጠብቅ» ስትለው ሁሉ ታይቶት ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ብየዳ ተምሮ አንዲት ማጠፊያ ታቅተዋለች?» አለች እህቱ።

«ተነስቶ ምን ሊያደርግ ነው? ቆሞ ሊያይ? ደግሞ ያፍራል። ተይው ስልሽ።»

ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ። ልጁ መልሷን ጠበቀ፤ አንድ ቃል ብትጨምርለት ተነስቶ ሊወጣ አንድ እግሩን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ነበር። ማንኪያው መዞሩን አቆመ፣ ሌላ ነገር ግን አልተሰማም። እግሩን መልሶ ከተተ። ወዲያው ውጪ ብየዳው ተጀመረ። ጥሩ ብየዳ የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ ነገር ሳያቋርጥ ይንቸሰቸሳል፤ የዚህኛው ግን እየተንጣጣ ይቆም፣ እንደገና ይነሳ ነበር። ሰውየው እጁን አርቆታል፤ ትንሽ ቢያስጠጋው ይስተካከልለት ነበር። ይህን ከአልጋው ሳይነሳ አወቀ፤ ማወቁ ግን ምንም አልፈየደለትም።

ሰውየው ገመዱን ጠቅልሎ እስኪሄድ ጠብቆ ተነሳ። ሳሎኗ ጠባብ ናት። ሶፋው ላይ ያልታጠፈ ልብስ ተከምሯል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ብቻውን ያወራል፤ መስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ እርጥበት ስለሚመታው ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ተልጧል። እህቱ ሻይ ቀዳችለትና ከዳቦው ወፍራሙን ጫፍ ቆርሳ ሰጠችው። ከወትሮው ከፍ ያለ ቁራሽ ነበር፤ በዚያው ልቧ እንዳዘነ ገባው።

«ድምፁ ቀሰቀሰህ እንዴ?»

«የምን ድምፅ?»

«ምንም። እንኳን ተኛህ» አለችና ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ ፍርፋሪ በእጇ ጠረገች።

የእህቱ ባል በሩ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ አስጠግቶት ስለሚበላው ነገር አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረበትም። ቀና ሳይል ተናገረ። «ስማ፣ ዛሬ ወርክሾፑ ከተቀበለህ እሰየው ነው። ካልተቀበለህ ሰኞ አብረን ወደ መጋዘኑ እንሄዳለን። ለጥበቃ ሰው ይፈልጋሉ፤ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ቁመትህም ለዚያ የተፈጠረ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ... ግድግዳውን ባናግረው እኮ አንድ ቀን እንቢ ይለኝ ነበር!» ብሎ ሳቀ። እህቱ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ የመጨረሻውን ፈተና የሚያስፈትነው በሙያው የሚያሠራው ድርጅት ያገኘ ተማሪ ብቻ ነው፤ ድርጅቱ «አዎ፣ እኔ ዘንድ በያጅ ሆኖ ሠርቷል» ብሎ መመስከር አለበት። የክፍሉ ልጆች አንዱ በአጎቱ፣ አንዱ በጎረቤቱ፣ ሌላው በድፍረቱ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። እሱ ከብዙ ወርክሾፖች ደጅ ደርሶ፣ የሚወጣ የሚገባውን አይቶ፣ ሰው ቀና ብሎ ሲያየው መንገድ የሳተ መስሎ ተመልሷል። የዛሬውን ቦታ የፈለገለት አሰልጣኙ ነው። «ደውዬላቸዋለሁ፤ አንተ ሂድና እጅህን ብቻ አሳያቸው፤ አፍህን ማንም አይፈልገውም» ብሎታል። ከዚህ ወዲያ የሚደወልለት የለም።

አውቶቡሱ ውስጥ የላይኛውን ብረት ይዞ ቆሞ ሄደ። ኮሌጅ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ስም የሚጠራ መምህር ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ «ጉማጅ» ነው። በር ሲገባ አንገቱን የሚደፋ ረጅም ልጅ ጉማጅ ሲባል የሰማ እንግዳ ይስቃል፤ ስሙ ግን ከቁመቱ ጋር አይገናኝም። እየቀለጠ ብረት የሚበይደው የኤሌክትሮድ ዘንግ ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር በኮሌጁ አንድ ዘንግ ለሦስት ተማሪ ነው የሚሰጠው። የመጀመሪያው ተማሪ ሙሉውን ዘንግ ይለኩስና ሲሶውን ያቃጥላል፤ ሁለተኛው ተቀብሎ ይቀጥላል፤ ሦስተኛው ከመዳፍ ብዙም የማትረዝም ቁራጭ ተቀብሎ መስመሩን ይጨርሳል። ተራውን የሚወስነው የእጅ ፍጥነት ነው። ጉማጅ ለመቅደም አንድ ቀን እጁን ዘርግቶ አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን «ተራው ይዙር እንጂ» ሊል አስቦ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ወሩ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» እንዳይሉት አፈረ። «አንተ ጉማጇን ውሰድ» ይሉት የነበረው ውሎ አድሮ «ጉማጅ፣ ውሰድ» ሆነ።

ሌላ ሰው ካቆመበት መቀጠል ቀላል አይደለም። ብየዳው የቆመበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል፤ እዚያ ላይ በልክ ያላረፈ እጅ ወይ ጉብታ ያበቅላል ወይ ቀዳዳ ይተዋል። ጉማጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲሠራ ስለኖረ እጁ ለመደው። ይህም ቢሆን አልጠቀመውም። አሰልጣኙ ማርክ ሊሰጥ ሲመጣ የሦስቱን መስመር እያየ «የአንተ የትኛው ነው?» ይለዋል። ጉማጅ በጣቱ ያሳያል። «ከየት ነው የሚጀምረው?» ጉማጅ አሁንም ያሳያል። አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ መለያው አይታየውም፤ ለሦስቱም እኩል ማርክ ጽፎ ያልፋል። ሙሉ ማርክ ያገኘው የሥራ ክህሎት በምታስተምረው መምህርት ትምህርት ብቻ ነው። እሷ «የሥራ ዓለም በየቀኑ ይለዋወጣል፤ የሚተርፈው የተሰጠውን የሚለምድ ሰው ነው» ትላለች። አንድ ቀን መጠይቅ አምጥታ ነበር፤ «በራሴ እተማመናለሁ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ጎን ከአንድ እስከ አምስት አክብቡ ይላል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ስድስት የለውም?» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ጉማጅ ሦስትን አክብቦ፣ የጎረቤቱን ወረቀት አይቶ፣ ሦስትን አጥፍቶ አምስት አደረገ።

ወርክሾፑ ጋራዦች በተደረደሩበት መንገድ ዳር ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ ሰፊ አዳራሽ። አንድ ጥግ ላይ በመስታወት የተከለለች ቢሮ አለች፤ መስታወቷ ከውስጥ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያዎች ተሸፍኗል። ወለሉ ጥቁር ነው። ጉማጅን እንደገባ የገረመው ማሽኑ አልነበረም፤ ወለሉ ላይ የተጣሉት የኤሌክትሮድ ቁራጮች ነበሩ። ግማሻቸው እንኳ ያልተቃጠለ፣ ገና ብዙ የሚሠሩ ቁራጮች እንደ ሲጋራ ቁራጭ በየቦታው ተበትነዋል። ዳቦ መሬት ላይ ወድቆ እንዳየ ሰው ላለመርገጥ እግሩን እየመረጠ ሄደ።

«ከኮሌጅ የተላክኸው አንተ ነህ?» አለው አለቃው። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ወፍራም ሰው ነው።

«አዎ።»

«ማስክ ያዝ። እነዚህን ሁለት አንግል ብረቶች አጋጥምልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ሥራቸውን አቁመው ዞሩ። ከእነሱ አንዱ ሲሠራም ሲያርፍም ስለሚያፏጭ ፉጨት ነው የሚሉት፤ እሱም እንኳ ፉጨቱን አቋረጠ። አለቃው ከካርቶኑ አዲስ ኤሌክትሮድ መዞ ሰጠው። ጉማጅ በመያዣው ጨምድዶ ወደ ብረቱ አስጠጋው። ጫፉ ከእጁ እጅግ ራቀበት፤ ትንሽ የእጁ መንቀጥቀጥ እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። በዕድሜው አንድም ቀን ሙሉውን ኤሌክትሮድ ለኩሶ አያውቅም። «ትንሽ እጄ ይልመድልኝ» ማለት ይችል ነበር። ሰዎቹ አለቃውንና ቤቱን የለመዱ፣ ለጨዋታ የቀረቡ ሰዎች ናቸው፤ ቢላቸው አይበሉትም። ግን አፉ አልከፈትልህ አለው፤ እጁ ደግሞ የሚያውቀውን ፈለገ። ኤሌክትሮዱን ከመያዣው አውጥቶ፣ መሐሉን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ አጥፎ ሰበረው። ሽፋኑ እየተፈረፈረ ወረደ። አጭሩን ግማሽ መልሶ ጨመደደ።

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምነው ወንድሜ፣ ሸንኮራ መሰለህ እንዴ?» አለ ፉጨት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለቃው ብቻ አልሳቀም። «ምን ሆነህ ነው የሰበርከው?»

«በቁራጭ ነው የለመድኩት... አጠር ሲል ነው...»

«ታዲያ አንተ ራስህ አጠር ብትል አይሻልም ነበር?» አለ ሌላው፤ እንደገና ተሳቀ። ጉማጅ ሳቁ እስኪያልቅ መጠበቅ እንዳለበት አላወቀም። ጫፉን ብረቱ ላይ ጫረ። ሽፋኑ የተራገፈ ጫፍ ስለነበር ከብረቱ ጋር ተጣበቀ፤ ማሽኑ አጉረመረመ፤ ጎትቶ ሲያላቅቀው ብልጭታው ዓይኑ ውስጥ ገባ። ማስኩን ማውረድ ረስቶታል።

አለቃው መጥቶ መያዣውን በቀስታ ከእጁ ወሰደና ማሽኑን አጠፋ። «ልጄ፣ እጅህ ይፈራል» አለው። «ፈሪ እጅ ራሱንም ያቃጥላል፣ ሰውም ያቃጥላል። በያጅ ነው ብዬ ልመሰክርልህ አልችልም፤ ፈተናው ይቅርብህ። ሥራ ግን አልጠፋም። ብርጭቆ ወረቀት ይዘህ ዝገት ትፍቃለህ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀለም ትቀባለህ። ለጊዜው...»

«እሺ» አለ ጉማጅ። አለቃው ገና አልጨረሰም ነበር።

«ማሽን ግን እንዳትነካ። ተግባብተናል?»

«እሺ።»

ሊያዝን ሲገባው ቀለል አለው። ማንም ከዚህ በኋላ «አሳየን» አይለውም። ጥጉ ላይ ተቀምጦ የመስኮት ፍሬሞችን መፋቅ ጀመረ፤ ዝገቱ እንደ በርበሬ ጉልበቱ ላይ ይወርድ ነበር። መምህርቷ ብታየው ደስ ይላት ነበር። የተሰጠውን ለምዷል፤ ያውም ጠዋቱ ሳያልፍ። ሠራተኞቹም ሳቃቸውን ወዲያው ረሱት። ስለ ቤት ኪራይ መጨመር፣ ስለ አንዱ ጎረቤት አዲስ መኪና፣ ምሳ ቤቷ ሳህኑን እያሳነሰች ዋጋውን ስለማሳደጓ አወሩ። ፉጨት መሐል ላይ ከወፍራም ላሜራ የሚሠራ የውሃ ታንከር እየበየደ ነበር። የመጨረሻውን ረጅም መስመር ከግማሽ በላይ አድርሶ ሳለ የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ማስኩን ወርውሮ፣ የቀረውን ኤሌክትሮድ መሬት ጥሎ፣ እያፏጨ ወጣ።

«አንተስ፣ አትመጣም?» አለው በሩ ላይ ዞር ብሎ።

«በልቻለሁ።»

«መቼ?» አለ ፉጨት፤ መልሱን ግን አልጠበቀም።

አዳራሹ ባዶ ሆነ፤ አለቃው የቢሮውን በር ዘግቶ ውስጥ ቀርቷል። ከጎረቤት ጋራዥ ሞተር ያለማቋረጥ እየጮኸ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጣል። ጉማጅ መጥረጊያ አንስቶ ወለሉን መጥረግ ጀመረ፤ ማንም አላዘዘውም። ቁራጮቹን ከአፈሩ እየለየ መዳፉ ላይ ሰበሰበ። ታንከሩ አጠገብ ሲደርስ ፉጨት ያቆመበትን ቦታ አየ። ትንሿ ጉድጓድ እንደ ዶሮ ዓይን ታየዋለች። ቁራጭ፣ ሰው ያቆመበት ጉድጓድ፣ ያላለቀ መስመር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሚሰጡት ነገሮች በሙሉ ፊቱ ተቀምጠዋል። ወደ በሩ ተመለከተ። ማሽኑን አበራ፣ ማስኩን አወረደ።

እጁ አልተንቀጠቀጠም። ቁራጩ ጉድጓዷ ላይ አረፈ፤ ጉድጓዷ ሞላች፤ ድምፁ ሳያቋርጥ ይንቸሰቸስ ጀመር። አንዱ ቁራጭ ሲያልቅ ሌላውን ይተካል፤ በቆመበት ላይ ያርፋል፤ ይቀጥላል። በማስኩ ጥቁር መስታወት ውስጥ ከብርሃኑ በስተቀር ዓለም የለም፤ የሚያየው ሰውም የለም። እንዲህ ያለ ደስታ መቼ እንደተሰማው አያስታውስም። መስመሩ ጥግ ደርሶ አለቀ። ከላይ የተጋገረውን ቅርፊት በመዶሻ እየመታ አነሳና በብሩሽ አጸዳው። ማሽኑን አጥፍቶ ወደ ጥጉ ሲመለስ፣ ሠራተኞቹ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ገቡ።

አለቃው ከቢሮው ወጥቶ ታንከሩ ጋ ቆመ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። መስመሩን በጣቱ ተከትሎ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ይህን ማነው የነካው?» ሲል ጮኸ።

ጉማጅ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዘ ደረቀ። ማሽን እንዳትነካ ተብሏል። እሺ ብሏል። ገና ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላም። አለቃው ወደ እሱ ዞረ። «አንተ ነበርክ እዚህ። ማነው?»

«አላየሁም።»

«ያንተ ነው አይደል?» አለ አለቃው ለፉጨት።

ፉጨት መጥቶ ጎንበስ አለ። ከምሳ በፊት እስከ የት እንዳደረሰው በትክክል አያስታውስም ነበር፤ ለመዋሸት አስቦ አይደለም። «የኔ ነው እንጂ የማን ይሆናል? ምነው?»

«ውሃ ሙሉበት።»

ቱቦው ተጎትቶ መጣ፤ ታንከሩ ቀስ እያለ ሞላ። ሁሉም ዙሪያውን ቆመው ጠበቁ። ታንከር ሁልጊዜ የሚያፈሰው በያጁ አቁሞ ከቀጠለበት ቦታ ነው፤ አለቃውም ይህን ስለሚያውቅ ደረቅ ጨርቅ ይዞ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አበሰ፣ ጨርቁን አየ፣ እንደገና አበሰ። ጨርቁ ደረቅ ነበር። አለቃው ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ማነው ያልኩት ላመሰግን ነው እኮ!» አለ እየሳቀ። «የቆምክበት ቦታ የታል? ዓይኔን አፍጥጬ አጣሁት። አየህ፣ ጀማሪ ሞልቷል፤ እንዲህ አድርጎ የሚጨርስልኝ ሰው ነው የሚጎድለኝ። ለሚቀጥለው ሥራ ታንከሮቹን በሙሉ አንተ ትይዛለህ።» ከዚያ ጉማጅን በእጁ ጠራው። «ና፣ ና ተመልከት። ብየዳ ማለት ይህ ነው። እያየህ ተማር።»

ጉማጅ መጥቶ ተመለከተ። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይህን ቢል ቀድሞ «ታዲያ ለምን አላየሁም አልክ?» ይሉታል። ቀጥሎ «ማሽን አትንካ አልተባልክም?» ይሉታል። እሺ ይህም ይለፍ፤ መጨረሻ ላይ «በል እንግዲያው አሳየን» ብለው ከካርቶኑ ሙሉ ኤሌክትሮድ መዘው ይሰጡታል፤ ሁሉም ዞረው ይቆማሉ። ፉጨት በበኩሉ መስመሩን እየደጋገመ ያይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ዓይኑን ወደ ጉማጅ እጅ ላከ፣ ወደ ፊቱም ቀና አለ። ጉማጅ ፊቱን መለሰ። ፉጨት ትከሻውን ነቅንቆ ማፏጨት ጀመረ።

ውሃው ተደፍቶ ታንከሩ ሲደርቅ እህቱ ደወለች።

«ምን አሉህ?»

«ተቀበሉኝ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ወንድም! ብዬህ አልነበር?» ከጀርባዋ ያ ድምፁ የተቀነሰ ቴሌቪዥን ይሰማል። «በብየዳው ነው አይደል?»

«እዚያው ነኝ» አለ። «ከበያጆቹ ጋር።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችም። «በርታ» ብላ ዘጋችው።

አለቃው የአንቲረስቱን ቆርቆሮ ከፍቶ ብሩሹን ሰጠው። «መስመሩ ላይ ደገም አድርገህ ቀባ፤ መጀመሪያ የሚዝገው እሱ ነው።» ጉማጅ ተንበርክኮ ከጥጉ ጀመረ። ቀይ ቀለሙ መስመሩ ላይ ሲያልፍ፣ ሥሩ ያለው ብየዳ ገና ይታይ ነበር፤ ፉጨት ያቆመበት፣ እሱ የጀመረበት፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ያለቀችበት ቦታ ለእሱ ዓይን ግልጽ ነበር። ሲደርቅ ጠብቆ ደገመው። ማንም ሳያዘው ሦስተኛ ጊዜ ቀባው። አሁን ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀይ ነገር ብቻ ሆነ።

አለቃው ወደ ቢሮው ሲያልፍ ቆም ብሎ አየውና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ጎበዝ» አለው። «ይህስ ይሆንልሃል።»